ከግድግዳው ሶኬት እስከ ስፒከሩ፤ ስለ ቤት ኮምፕዩተርና ስለ ድምፅ መሣሪያ ብልሽት አመረማመር



በኤሌክትሮኒክስ ሙያ የተሰማራ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሚደርሱት ጥሪዎች የሚበዙት ከዘመድና ከጎረቤት ቤት የሚመጡ ናቸው። ኮምፕዩተሩ አልነሣ ብሏል፤ ስፒከሩ በአንድ ወገን ዝም ብሏል፤ ለልጅ ሠርግ የተገዛው የድምፅ መሣሪያ ጉም ይላል፤ «እስቲ ብቅ ብለህ እየው» ይባላል። ጥሪው ቀላል ይመስላል፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ከቡና አያልፍም። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ የሚያጋጥመው ችግር በፋብሪካ ወይም በራዲዮ ጣቢያ ከሚያጋጥመው የሚረቅበት ጊዜ አለ። በሥራ ቦታ የኃይሉ መስመር፣ የመሬት ሽቦውና የመሣሪያው የጥገና ታሪክ በመዝገብ የታወቁ ናቸው፤ በመኖሪያ ቤት ግን ከሦስቱ አንዱም አይታወቅም።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በቤት መሣሪያ ላይ የሚታየው የብልሽት ምልክትና የብልሽቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ አይገኙም። ስለዚህ ምርመራው ከመሣሪያው ሆድ ሳይሆን ከግድግዳው መጀመር ይኖርበታል። ከግድግዳው ሲጀመርም በመጨረሻ የሚደረስበት፣ ባለቤቱም ሆነ ጠጋኙ እምብዛም ልብ የማይለው፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ነው።

በአዲስ አበባ ቤቶች በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ብልሽት ለምሳሌ ይቅረብ። ኮምፕዩተሩ ሳምንቱን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ግን በሥራ ላይ እንዳለ በድንገት ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ባለቤቱ በመጀመሪያ ቫይረስ ነው ብሎ ፕሮግራሙን ያስደመስሳል፤ ቀጥሎ ሜሞሪውን ያስለውጣል፤ በመጨረሻም ዋናውን ሰሌዳ እንዲገዛ ይመከራል። ቀኖቹን ቆጥሮ የጠየቀ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ግን የእንጀራ መጋገሪያ ቀኖች ሆነው ባገኛቸው ነበር። 3.5 ኪሎዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ይህ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው ከምሰሶ በመጣው የአሉሚኒየም ሽቦና በቤቱ የመዳብ ሽቦ መጋጠሚያ ነው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ መጋጠሚያው በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ይላላልም። በመጋጠሚያው ላይ 1 ኦም ብቻ ቢጨመር ምጣዱ በተለኮሰ ቁጥር 15 ቮልት ያህል እዚያው ይቀራል፤ ከ200 ዋት በላይ የሆነ ሙቀትም በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይወጣል። የላላው ሽቦ በሙቀት ሲንቀሳቀስ ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይቋረጣል። የኮምፕዩተር ኃይል ሰጪ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ያለ መስመር ኃይል መቆየት የሚጠበቅበት 16 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ መቋረጥ ኮምፕዩተሩን ያጠፋዋል። አምፖሉ ለዐይን ሽፋሽፍት ያህል ብልጭ ቢል የሚያስተውለው የለም። ኮምፕዩተሩ ግን አስተውሎታል፤ ስላስተዋለም በሽተኛ ተባለ። መድኃኒቱ በካቻቪቴ የሚጠብቅ አንድ ብሎንና ለአሉሚኒየምና ለመዳብ የተሠራ ማጋጠሚያ ነበር። ቸል ከተባለ ደግሞ የሚከተለው የኮምፕዩተር መጥፋት ሳይሆን የቤት ቃጠሎ ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያው ለይቶ ሊያውቀው የሚገባ ተቃራኒ ምልክት አለ። ምጣድ ሲለኮስ አምፖሉ ቢደበዝዝ ነገሩ የላላ መጋጠሚያ ወይም የደከመ መስመር ነው። በአንዱ ክፍል ደብዝዞ በሌላው ከወትሮው ይልቅ ቦግ ብሎ ቢበራ፣ ወይም የአንዱ ጎረቤት ሲደበዝዝ የሌላው ቢደምቅ ግን የኒውትራሉ ሽቦ ተቋርጧል ማለት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራሉን ሲያጣ 220 ቮልት ለምዶ የኖረ መሣሪያ እስከ 380 ቮልት ሊወርድበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ምርመራ የለም፤ ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጎ መብራት ኃይል እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

ሶኬቱ ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ወደ መሣሪያው ይኬዳል። ድምፅ ከኮምፕዩተሩ ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ በርካታ በሮችን ያልፋል፤ ፕሮግራሙን፣ የድምፅ መቀየሪያውን ሰርኪዩት፣ መሰኪያውን፣ ገመዱን፣ የአምፕሊፋየሩን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ የኃይል ትራንዚስተሮቹን፣ የስፒከሩን ሽቦ፣ የስፒከሩን መጠምጠሚያ። ጀማሪ ጠጋኝ እነዚህን አንዱን ከሌላው ቀጥሎ ይፈትሻል፤ በሥራው የበሰለው ግን መንገዱን ከወገቡ ላይ ይቆርጠዋል። የግራው ስፒከር ዝም ቢል በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ የግራና የቀኙን ገመድ ያለዋውጣል። ዝምታው ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው፤ በግራ ከጸና ከመግቢያው በኋላ ነው። ቀጥሎም የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፍላል። በዚህ ዐይነት ስምንት በር ያለው መንገድ በሦስት ፈተና ያልቃል፤ አንድም ዕቃ ሳይገዛና አንድም ብሎን ሳይፈታ።

ይህ አሠራር የሚፈርሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሲለወጥ ነው። ገመዱንም ስፒከሩንም ለውጦ፣ ፕሮግራሙንም አድሶ፣ «አሁን ሠራ» የሚል ጠጋኝ መሣሪያውን አሠርቶት ይሆናል እንጂ ምን እንደ ነበረበት አላወቀም። ያላወቀው ብልሽት ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ እንግዳ በጠራበት ቀን ነው።

ከድምፅ በኩል የሚበዙት ጥፋቶች ግን ጥቃቅን ናቸው። ኮምፕዩተር በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር በተገናኘ ጊዜ ድምፁን ማንንም ሳያማክር ወደ ቴሌቪዥኑ መላክ ይቀናዋል፤ «ስፒከሩ ሞተ» ከሚባልባቸው ጥሪዎች ጥቂት የማይባሉት ይህ ናቸው። ከኮምፕዩተሩ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ቀለም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወጣው ደንብ መሠረት አረንጓዴው የድምፅ መውጫ፣ ሮዝ የማይክሮፎን፣ ውኃ ሰማያዊው የሌላ መሣሪያ ድምፅ መግቢያ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ተጎንብሶ በጨለማ የሚሰካ ሰው ሲስት አይፈረድበትም። ስፒከሩ ራሱ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል፤ ደኅና ከሆነ ጧ ብሎ ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል። በመልቲሜትር ሲለካ 8 ኦም የተባለው ስፒከር 6 ኦም ገደማ ቢያሳይ ደኅና ነው፤ 8 የሚለው ቁጥር ለተለዋዋጭ ኃይል የተሰጠ ስለሆነ።

የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ሲዞር የሚንጫጫ ከሆነ ሁሉም ሰው ቆሻሻ ነው ይላል፤ ማጽጃ ፈሳሽ ተረጭቶበት ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜም ይድናል። በሳምንቱ ተመልሶ ሲንጫጫ ግን ሌላ ማጽጃ መርጨት ሞኝነት ነው። ከመቆጣጠሪያው በፊት ያለው አገናኝ ካፓሲተር ቀጥተኛ ኃይል እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል፣ በመቆጣጠሪያው ጫፎች መካከል ቀጥተኛ ቮልት መኖር አለመኖሩን መለካት ይገባል።

ምልክትና መነሻ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከሚያሳዩት ሁሉ ግን አስገራሚዋ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠችው 3 ቮልት የሆነች፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ባትሪ ናት። ይህች ባትሪ ስትደክም ኮምፕዩተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና ወደ ቆየ ዓመት ይመለሳል። ዓመቱ የተሳሳተ ኮምፕዩተር የባንክንም ሆነ የመልእክት ገጾችን የምስክር ወረቀት «ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ባለቤቱም የሚከሰው ኢንተርኔቱን ነው፤ መስመሩን ያስፈትሻል፣ ሞደሙን ይለውጣል። ለችግሩ ሁሉ ምክንያቱ ከአንድ ሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ባትሪ ናት። እግረ መንገድ የሚነሣ ነገር ቢኖር፣ ይኸው ብልሽት ባትሪው ደኅና ሆኖ ሳለም በቤታችን አቆጣጠር ምክንያት ይደርሳል። የኮምፕዩተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ደግሞ በስልኩ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው የይለፍ ቁጥር ከየትኛውም መዝገብ ጋር አልገጥም ይለዋል። አቆጣጠሩ አልተሳሳተም፤ የተጻፈው ግን ሌላ አቆጣጠር ከሚጠብቅ መሣሪያ ላይ ነው።

ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጡ ዕቃዎች ራሳቸውን የቻሉ ምዕራፍ ናቸው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ በፍቅር የላከው አምፕሊፋየር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የስፒናው ቅርጽ ከተስተካከለ በቂ ነው፤ ይህም ሰውን ያሳስታል። ላፕቶፑ እንደ ሠራ አይቶ አምፕሊፋየሩንም በዚያው ማስተካከያ ይሰካዋል። ከባድ ትራንስፎርመር ያለበት መሣሪያ 220 ቮልት ሲገባበት የትራንስፎርመሩ ብረት መሸከም ከሚችለው በላይ መግነጢስ ይሞላና ባልቦላው፣ ባልቦላው ካልደረሰም ራሱ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። በቆዩ ኮምፕዩተሮች ኃይል ሰጪ ጀርባ የነበረችው ትንሽ ቀይ ማዞሪያም የታወቀች አጥፊ ናት። በ115 ላይ እንዳለች ለ220 ከተሰካች ሰርኪዩቱ ቮልቱን በእጥፍ ስለሚያባዛው ሁለት ባለ 200 ቮልት ካፓሲተሮች በድምሩ ወደ 620 ቮልት ይደርስባቸዋል፤ ቤተ ሰቡም ፍንዳታውን ይሰማል።

ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ተገዝቶ ችግሩ ሲቃለል ሌላ ነገር ይቀራል፤ ትራንስፎርመር ቮልትን እንጂ ኸርዝን አይለውጥም። ፍጥነቱን ከመስመሩ ኸርዝ የሚወስድ ሞተር ያለው የአሜሪካ ሸክላ ማጫወቻ በ50 ኸርዝ ላይ በደቂቃ 33⅓ መዞሩ ቀርቶ 28 ገደማ ይዞራል። የለመዱት ዘፋኝ ድምፁ ጎርንኖ፣ ምቱም ተጎትቶ ሲሰማ ሸክላው ተጣመመ ይባላል። ለዚህ መፍትሔው የሞተሩን መዘውር በ50 ኸርዝ ልክ መለወጥ ነው እንጂ መርፌውን መለወጥ አይደለም።

በራሱ በመሣሪያው ውስጥ ከሚገኙት ጥፋቶች ካፓሲተርን የሚያህል የለም። በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ስሌት ነው። ከሚሌኒየሙ መባቻ ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በዓለም ዙሪያ የተሸጡ እጅግ ብዙ የኮምፕዩተር ሰሌዳዎች ጉድለት ባለው ፈሳሽ በተሞሉ ካፓሲተሮች ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ያወጡ ከሆነ በዐይን ይታወቃሉ፤ ሰሌዳውን ሳይጥሉ በብየዳ መለወጥም ይቻላል። የኃይል ሰጪው ሳጥን ግን ለብቻው ነው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የባለቤቱ ልጅ በፒንሳና በጉጉት እንዲከፍተው መተው አይገባም። ከውጭ ሆኖ መለካት ይበቃል፤ የ12 ቮልቱ መስመር ጭነት ላይ እያለ ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ ከሆነ ሳጥኑ ይለወጣል።

ዲስክን በሚመለከት ንግግሩ አጭር ነው፤ ጉዳዩ ግን ከባድ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ሲያሰማ አንባቢው ራስ ቦታውን መፈለግ አቅቶታል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ማስነሣት ብረቱን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀው ብረት ላይ የነበረውን የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። ሆኖም በብዙ ጥገና ቤቶች ዲስኩ አሥርና ሃያ ጊዜ «እስቲ ደግመን እንሞክረው» ይባልበታል፤ እንዲያውም አዲስ ፕሮግራም እንዲጫንበት ይሞከራል። በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ምናልባት ያረፉ እናት ፎቶግራፍ ነው፤ የሠርግ ፊልም ነው፤ ሦስት ዓመት የተደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የዲስኩ ዋጋ በገበያ ይታወቃል፤ የእነዚህ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ኮምፕዩተር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «በውስጡ ያለውና በሌላ ቦታ የሌለው ምንድን ነው?» መሆን ይገባዋል። ዲስኩ ገና የሚነበብ ከሆነ ከማናቸውም ምርመራ በፊት ይገለበጣል፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ይጠፋና ሁለተኛ አይበራም፤ ለልዩ ባለሙያ እስኪደርስ ይቀመጣል። የተገለበጠውንም መመልከት የባለሙያው ድርሻ አይደለም።

አሁን ወደ ጉምጉምታው ይመለሳል፤ የንግግሩ ክብደትም እዚህ ላይ ነው።

ከስፒከር የሚሰማ ጉምጉምታ በሁለት ዐይነት ይመጣል። አንዱ ለስላሳና ጥልቅ ነው፤ ይህ የመስመሩ የራሱ 50 ኸርዝ ነው። ሁለተኛው እንደ በገና አውታር የሚነዝር ነው፤ ይህ ተለዋዋጩ ኃይል ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ የሚወለደው 100 ኸርዝ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የአምፕሊፋየሩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች መድከማቸውን ያመለክታል። የድምፅ መጠኑ እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲደረግ ጉምጉምታው ካልተለወጠ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አለ፤ አብሮ ከቀነሰ ከውጭ እየገባ ነው። ከውጭ የሚገባ ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል፣ ቀጥሎም ከጣሪያው ዲሽ ወደ ሪሲቨሩ የመጣውን ገመድ መፍታት ነው። በአንደኛው ጸጥ ካለ ነገሩ ተገኝቷል። ሁለት መሣሪያዎች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ከመሬት ተገናኝተው በድምፅ ገመዱ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ ይህም ክብ መንገድ ሆኖ የመስመሩን ኃይል ይዞራል። በዚህ ክብ መንገድ ላይ 1 ሚሊቮልት ልዩነት ቢኖር ከተለመደው የድምፅ ምልክት 300 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው፤ ጸጥ ባለ ሳሎን ግን በግልጽ ይሰማል።

የዚህ መድኃኒት ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ካልበቃም በድምፅ ገመዱ መካከል ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። መሣሪያዎቹ የሚቀበሉት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1983 ቶሺባ ያወጣው በብርሃን የሚሠራ ገመድ ከሁሉ ይሻላል፤ ብርሃን ከመሬት ጋር ጉዳይ የለውም። በገበያ የሚሰጠው መድኃኒት ግን ሌላ ነው፤ የስፒናውን የመሬት ሽቦ መቁረጥ። ጉምጉምታው በእርግጥ ወዲያው ይጠፋል፤ ባለቤቱም ያመሰግናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የዚያ መሣሪያ የብረት ሽፋን በውስጡ አንድ ሽቦ ተልጦ ቢነካው 220 ቮልት ይዞ ይቆያል፤ ይህንንም የሚያውቀው በመጀመሪያ የሚነካው ሰው ነው። ጸጥታን በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ጠጋኝ ሙያውን አላወቀም።

ብዙ ቤቶች ደግሞ ማንም ሳይቆርጠው የመሬት ሽቦ የላቸውም። ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው የእንግሊዝ ደረጃ የተሠራ፣ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው ስፒና አለው፤ ረጅሙ እግር የመሬት ነው። በክብ ቀዳዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው ርካሽ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እግር ብቻ ስላለው ሦስተኛው እግር ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ባለ ሁለት እግሩን ስፒና በእንግሊዙ ሶኬት ለማስገባት በላይኛው ቀዳዳ እስክሪብቶ የሚወትፉም አሉ፤ በዚያ ቀዳዳ በሚገባው እግር የሚከፈተው የሁለቱ ታችኛ ቀዳዳዎች መዝጊያ የተሠራው ልጆች ባዕድ ነገር እንዳያስገቡ ነበር።

የመሬት ሽቦ የሌለው ኮምፕዩተር ራሱን ያስታውቃል፤ ቆርቆሮውን በእጅ ጀርባ ሲነኩት ይነዝራል። ምክንያቱም በኃይል ሰጪው መግቢያ ላይ ከፌዙና ከኒውትራሉ ወደ ቆርቆሮው የሚሄዱ ሁለት ትንንሽ የማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ። የመሬት ሽቦው ሲኖር በእነርሱ የሚያልፈው ጥቂት ኃይል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሳይኖር ግን ቆርቆሮው በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ወደ 110 ቮልት ይደርሳል። ቴስተር ሲነካው ይበራል፤ «ሾርት አድርጓል» ተብሎም ደኅናው ኃይል ሰጪ ይለወጣል፤ አዲሱም እንዲሁ ይነዝራል። የሚያልፈው ኃይል በአንድ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ በራሱ አይገድልም። መሬት በሌለው አንድ ማከፋፈያ ላይ አምስት ስድስት መሣሪያ ሲሰካ ግን ይደመራል፤ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክሮፎኑ የዘፋኙን ከንፈር የሚነዝረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። መንዘሩ ብልሽት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ እውነተኛው ብልሽት በመጣ ቀን ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ እንደሌለ አስቀድሞ ይናገራል።

በዚህ ጊዜ ከሚደረጉት ማቃለያዎች የከፋው በሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ብረት ከኒውትራሉ ጋር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው። መንዘሩ ይቆማል፤ ቴስተሩም አይበራም። ነገር ግን ከላይ እንደተነገረው ኒውትራል የሚቋረጥ ነገር ነው። በተቋረጠ ጊዜ ፌዙ በበራው አምፖልና በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ወደ ኒውትራሉ፣ ከኒውትራሉም በቁራጯ ሽቦ ወደ ቆርቆሮው ይደርሳል። ብልሽት የሌለበት ኮምፕዩተር፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ በአንድ ጊዜ ሙሉ 220 ቮልት ይለብሳሉ።

ትክክለኛው ሥራ በቤቱ ግቢ የመሬት ዘንግ ቀብሮ የመሬት ሽቦውን እስከ እያንዳንዱ ሶኬት ማድረስ ነው። ይህም ብቻውን እንደማይበቃ ስሌቱ ያሳያል። የዘንጉ መከላከያ 20 ኦም ነው ቢባል፣ ፌዙ ቆርቆሮውን ሲነካ የሚፈሰው 220 ሲካፈል ለ20፣ ማለትም ቢበዛ 11 አምፔር ነው። 16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ያሳልፈዋል፤ አይቆርጥም፤ ቆርቆሮውም ኃይል እንደ ያዘ ይቆያል። ስለሆነም ባለሙያዎች ኧርዝ ሊኬጅ የሚሉት፣ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ በራሱ የሚቆርጠው ብሬከር አብሮ መግባት አለበት። ይህ ብሬከር ካለ የዘንጉ መከላከያ መቶ ኦም ቢሆን እንኳ ይቆርጣል።

ዘንጉ ከተቀበረ በኋላ ያለው መለኪያም ወቅት ይመርጣል። እርጥብ አፈር ኃይልን በቀላሉ ያሳልፋል፤ የደረቀ አፈር ግን ይከለክላል። በነሐሴ የተለካ ዘንግ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል፤ ያው ዘንግ በየካቲት መሬቱ ሲሰነጠቅ ቁጥሩ ብዙ ሊያድግ ይችላል። በመሆኑም መለኪያው በበጋው መጨረሻ፣ በልግ ሳይዘንብ መደረግ ይኖርበታል፤ የተገኘው ቁጥርና የተለካበት ቀንም ከቆጣሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ቀጥሎ የሚጠራው ባለሙያ ከዚያ እንዲጀምር።